የጠፋው ሸክላው ነው ወይስ ጆሯችን?

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላል ያገራችን ሰው። እኔ ግን የማላውቀውን አገር መናፈቅ አልበቃ ብሎኝ፣ ባለቤቱ ፊት ተቀምጬ ስለ ገዛ ቤቱ ላስረዳው ሞክሬአለሁ። ታሪኩ አጭር ነው፤ እፍረቱ ግን እስከ ዛሬ አለቀቀኝም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአውሮፓ የመጣ ወዳጄ አንድ ሸክላ አስደመጠኝ። «ኦፌጌ» የተባሉ የናይጄርያ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት «ትራይ ኤንድ ላቭ» የተሰኘ አልበም ነው። ወዳጄ «ማንም የማያውቀው፣ ጠፍቶ የተገኘ ዕንቁ!» አለኝ። አመንኩት። እኔም በተራዬ ይህንኑ ቃል ለሰው ሁሉ ስነዛ ከረምኩ። አንድ ምሽት እዚሁ አዲስ አበባ ለስብሰባ ከመጡ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ከተጠጋ የሌጎስ ሰው ጋር ቡና ስንጠጣ «ስለ አገርዎ አንድ የተረሳ ባንድ ልንገርዎ» አልኳቸው። ስሙን ስጠራ ሲኒያቸውን አስቀምጠው ሳቁ። ቀጥለውም «ኖቦዲ ፌይልስ» የሚለውን ዘፈን ከነጊታሩ በአፋቸው ያንቆረቁሩት ጀመር። ሁለተኛ ጨመሩ፤ ሦስተኛ ደገሙ። ከዚያም «የኔ ልጅ፣ ለመሆኑ የረሳው ማነው?» አሉኝ።

ያን ዕለት መልስ አልነበረኝም። ዛሬ አለኝ።

በመጀመሪያ ሐቁን እናስቀምጥ። የኦፌጌ ልጆች ሌጎስ በሚገኘው የቅዱስ ጎርጎርዮስ ኮሌጅ፣ ማለትም በአንድ የታወቀ የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማሩ ወጣቶች ነበሩ። መሪያቸው ሜልቪን ኡካቺ ይባላል። አልበሙን ያሳተመው ኢኤምአይ የተባለው ትልቅ ኩባንያ የናይጄርያ ቅርንጫፍ ሲሆን፣ አዘጋጁም የፌላ ኩቲን ሸክላዎች ያዘጋጀው ኦዲዮን ኢሩዮጄ ነው። አልበሙ ወጥቶ በአገሩ ገነነ፤ ልጆቹም የወጣቱ ጣዖት ሆኑ። እስከ 1978 ድረስ በድምሩ አራት አልበም አሳተሙ። አንባቢ ይፍረደኝ፤ ማንም ለማያውቀው ባንድ አራት አልበም የሚያትም ነጋዴ የት አገር አለ?

ሙዚቃውም ቢሆን ከሰማይ ዱብ ያለ አይደለም። የቢያፍራ ጦርነት በ1970 መጀመሪያ ሲያበቃ፣ ናይጄርያ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጊታር ያነገተ ወጣት በየከተማው ፈልቶ ነበር። በሌጎስ «ሞኖሞኖ»፣ በምሥራቅ በኩል «ፈንኪስ» ነበሩ። የሳንታናና የሄንድሪክስ ሸክላም ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። «ትራይ ኤንድ ላቭ» የዚያ ሰፈር ልጅ ነው። ሻካራው ጊታር ከብሉዝ የተማረውን ለቅሶ ያለቅሳል፤ ኦርጋኑ ከሥር ያጉተመትማል፤ ድምፃቸው ገና ያልጎረመሰ ልጆች ተቀባብለው ስለ ፍቅር ይዘፍናሉ። አልፎ አልፎ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል፤ እኔ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። ያ መንቀጥቀጥ ግን ከሜዳ የበቀለ ተአምር አይደለም፤ አስተማሪም፣ ጎረቤትም፣ አድማጭም ነበረው።

እንግዲህ ጠቤ ከቃሉ ጋር ነው። «ያልታወቀ» የሚለው ቃል ስለ አልበሙ የሚነግረን አንዳች ነገር የለም። የሚነግረን ስለ ተናጋሪው ነው። ሰውየው ትናንት አያውቀውም ነበር፤ ዛሬ አወቀው፤ የራሱን አለማወቅ ግን በሸክላው ላይ ለጠፈው። ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ስቀን ባለፍነው ነበር። ነገር ግን «ጠፋ» የተባለ ዕቃ ባለቤት የለውም፤ ባለቤት ከሌለው ደግሞ ፈቃድ የሚጠየቅ፣ ድርሻ የሚከፈለው፣ «ታሪኩ እንዲህ አይደለም» ብሎ የሚያርም ሰው የለም። ክብሩም ወረቱም ለአግኚው ይሆናል። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የተባለው ለዚህ ነው።

ፍርደ ገምድል እንዳልባል አንድ ነገር ልመን። ከ2000ዎቹ ዓመታት ወዲህ የናይጄርያን የሮክ ሸክላዎች አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ እንደገና ያሳተሙ ሰዎች ብዙ ሥራ ከመጥፋት አትርፈዋል። ባለመብቶችን ፈልገው፣ ተዋውለው የሚሠሩም አሉ። እነሱ ባይኖሩ እኔም ኦፌጌን ባልሰማሁ። ውለታቸውን አልክድም፤ የምክደው «እኛ አገኘነው» የሚለውን አዋጅ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የማሕሙድ አህመድ «ኧረ መላ መላ» በ1975 እዚህ በካይፋ ሪከርድስ ወጣ። በ1986 ብራሰልስ ላይ ሲታተም በአውሮፓ እንደ አዲስ ተአምር ታየ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮጲክ» የተሰኘውን ተከታታይ ጀመረ፤ በ2005 ደግሞ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በአንድ የአሜሪካ ፊልም ተሰማ። ከዚያ ወዲህ «የተረሳው የኢትዮጵያ ሙዚቃ» የሚል ሐረግ ስንት ጊዜ አነበብን! ፋልሴቶ ለድካሙ ምስጋና ይገባዋል። ግን ማሕሙድን የረሳው ማን ነበር? የሠርጉ ቤት? የታክሲው ሾፌር? እናቶቻችን?

አሁን ደግሞ ዱላውን ወደ ራሳችን ላዙረው፤ አለዚያ ጽሑፌ የፈሪ ይሆናል። የአፍሪካ መናኸሪያ ነን እያልን ከ1963 ጀምሮ ስንኮራ ኖረናል። የአህጉሩ ሰው ሁሉ በከተማችን ቡና ይጠጣል። እኔ ግን የሌጎስ ተማሪ የዘፈነውን የሰማሁት በአውሮፓ ዞሮ ሲመጣልኝ ነው። ጎረቤቴን በሩቅ ሰው አፍ ካወቅሁት፣ ጥፋቱ የሩቁ ሰው ብቻ ነውን? ስንቶቻችንስ የአባቶቻችንን ሸክላና ካሴት አልጋ ሥር አቧራ አልብሰን፣ ባዕድ መጥቶ ሲያነሳው ብቻ «የእኛ ነው!» ብለን እንጮኻለን? ያላስቀመጡትን ጠፋ ቢሏቸው ምን ይመልሷል?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በየቤታችን ያለው ሸክላ ማን እንደተጫወተው፣ ማን እንዳሳተመው፣ የት እንደተቀዳ የሚያስታውሱ ሰዎች ሳሉ ጠይቀን እንጻፍ። ስለ ሌላው አገር ሙዚቃ የምንጽፍም መጀመሪያ ያገሩን ሰው እንጠይቅ፤ አንድ ሲኒ ቡና ይበቃል። «ያልታወቀ» ብሎ መጻፍ የግድ የሆነበት ጸሐፊ ደግሞ ከፊቱ አንድ ቃል ይጨምር፦ «ለእኔ»።

እኔ ጨምሬአለሁ።