ቂጦሩን የት እናውጣው?



በኡልፓን የሚማሩ አንዲት እናት በቅርቡ ጥያቄ ይዘው መጡ። ጎረቤታቸው ከሥራ ስትመለስ «አኒ ጽሪኻ ለሆጺ ቂጦር» ትላቸዋለች። ልጃቸውን ሲጠይቁ «ቂጦር» እንፋሎት ነው አላቸው። «ታዲያ ልጄ፥ እንፋሎት ላውጣ ትላለች እንጂ ድስት ስትጥድ አላየኋትም» አሉኝ።

ጥያቄው መልካም ነው። ቃሉ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 19 ይገኛል፤ አብርሃም ወደ ሰዶም ሲመለከት ከምድሪቱ የወጣው ጢስ በዕብራይስጥ ቂጦር ተብሏል። በኋላ ቃሉ ለእንፋሎት ዋለ፤ ባቡር የሚጎትተውም ሞተር «ቃጣር» ተባለ። እኛም «ባቡር» የምንለው ቃል ሥሩ «ቫፖር» የሚለው የአውሮፓውያን ቃል ነው፤ እርሱም እንፋሎት ማለት ነው።

«እንፋሎት ማውጣት» የሚለው አባባል ግን ከእንግሊዝኛ የመጣ ሲሆን፥ የተወለደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን፥ በእንፋሎት ባቡርና መርከብ ዘመን ነው። ነገሩን በዓይናችሁ ለማየት ልጆቻችሁን ይዛችሁ እዚሁ ቤርሼባ ወደሚገኘው አሮጌው የቱርክ ባቡር ጣቢያ ሂዱ። ጣቢያው የተከፈተው በ1915 ነው፤ በ2012 ከቱርክ አገር የመጣ አሮጌ ቃጣር ቆሞበታል። በእንዲህ ያለ ቃጣር ትልቅ በርሜል ውስጥ ውኃ ይፈላል፥ እንፋሎቱም መንኰራኩሩን ይገፋል። ባቡሩ ሲቆም እሳቱ ወዲያው ስለማይጠፋ እንፋሎቱ መውጫ ካጣ በርሜሉን ያፈነዳዋል። ስለዚህ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ በራሱ የሚከፈት ትንሽ መክደኛ ተሠርቶለታል። በወጥ ቤታችሁ ያለው «ሲር ላሐጽ»ም የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ የመጀመሪያውን ዴኒ ፓፐን የተባለ ፈረንሳዊ በ1679 ሠራው። «ላሐጽ» ደግሞ ግፊትም ጭንቀትም ማለት ነው።

በእኛ ዘንድ ችግርን «ሆድ ይፍጀው» ብሎ መያዝ ጨዋነት ነው። ቋንቋው ያልገባው፥ ሥራ ያላገኘ፥ ልጁ አስተርጓሚ የሆነበት አባት ሁሉን በሆዱ ይይዛል። አንድ ቀን በትንሽ ነገር ይገነፍላል፤ የሚያቃጥለውም አጠገቡ ያሉትን ሚስቱንና ልጆቹን ነው። ከዚያ «ተነፈስኩ፥ ወጣልኝ» ይላል።

አልወጣለትም። ሰው በርሜል አይደለም። ብራድ ቡሽማን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ2002 ባሳተመው ጥናት፥ ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት የመቱ ሰዎች ዝም ብለው ከተቀመጡት ይልቅ ተናደው ተገኙ። ቁጣ በመምታትና በመጮህ አይወጣም፤ ይባባሳል።

ታዲያ ምን እናድርግ? እናቶቻችን ያውቁታል። ጀበና ሲገነፍል አይመታም፤ ከእሳቱ ይነሣል። ንዴት ሲመጣ እናንተም ከእሳቱ ተነሡ፤ ከቤት ወጣ ብላችሁ ተራመዱ፥ ውኃ ጠጡ። ቡና የሚቀዳውም ጀበናው ሲሰክን ነው። ልባችሁ ሲረጋ ለምታምኑት ሰው ተናገሩ፤ ለጎረቤት፥ ለቄስ፥ ለሽማግሌ፥ ወይም ለእኛ ለማኅበራዊ ሠራተኞች። ንግግሩም «ማን በደለኝ» በሚለው ብቻ እንዳያልቅ «ነገ ምን ላድርግ» የሚለውን ጨምሩበት። እኛ ዘንድ ለመምጣት እስኪገነፍል አትጠብቁ፤ እርዳታ መጠየቅ ነውር አይደለም። በቤት ውስጥ ዱላ ወይም ዛቻ ካለ ግን ይሉኝታ ይቅር፤ በዌልፌር ሚኒስቴር የስልክ መስመር 118 ቀንም ሌሊትም ይደወላል።

ይህን ሁሉ ለእኒያ እናት ካስረዳኋቸው በኋላ ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ጎረቤቴ ድስት ሳይሆን የምታዋየው ሰው ነው ያጣችው» አሉ። «ዛሬ ቡና እጠራታለሁ፤ ዕብራይስጤንም እለማመድበታለሁ።»

እስከሚቀጥለው እትም ሰላም ቆዩን።