ቂጣው ይቅደም፣ ስብከቱ ይደርሳል

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀበት ሰሞን፣ በመስከረም 2018 መጀመሪያ፣ ሚዛን ነበርኩ። ውጤት የሚለቀቅበትን ቀን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ኔትወርኩ ይጨናነቃል፣ ልጆቹ በየደጁ ስልክ ላይ ያጎነብሳሉ፣ የቴሌግራም ቦቱ እንቢ ይላል፣ ከዚያ ድንገት ይከፍታል። ከአንዱ ግቢ እልልታ ይሰማል። ከብዙዎቹ ግቢዎች ግን ምንም አይሰማም።

ካረፍኩበት ቤት ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚማር ልጅ ነበር። ከሸኮ ወረዳ የመጣ የገበሬ ልጅ ነው፤ ቤተሰቦቹ ቡና አላቸው፣ ስንቁን በየሳምንቱ ይልኩለታል። ያመጣው ውጤት 41 ከመቶ ነበር። እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን አብረን ሄድን። ከስብከቱ በፊት ያለፉት ልጆች ወደ መድረክ ተጠሩ። ሁለት ነበሩ። ጉባኤው አጨበጨበ፣ እናቶች እልል አሉ፣ መሪው ማይኩን ይዞ «እግዚአብሔር ጸሎታቸውን ሰማ!» አለ። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ዞር ስል ልጁ አጠገቤ የለም።

ማታ ጓሮ ተቀምጦ አገኘሁት። ብዙ ዝም ካለ በኋላ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ ለእነሱ ከሰማ ለእኔ አልሰማም ማለት ነው? እኔም እኮ ጾሜያለሁ።» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ተኝቼ ባልነሳ ደስ ይለኛል» አለ።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ጥያቄ ወዲያው መልስ ስላጣሁ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው። በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ከመቶ። የተሻለ ነው በተባለው ዓመት እንኳ ከመቶ ተፈታኝ ከ90 በላዩ አላለፈም። ማለፍ የጸሎት መሰማት ምልክት ነው ካልን፣ እግዚአብሔር ለዘጠና ከምናምኑ ጀርባውን ሰጥቷል እያልን ነው። ይህን ከመድረክ በግልጽ የሚናገር ሰባኪ የለም። ሁለቱን ብቻ ጠርተን ስናጨበጭብ ግን የተቀሩት የሚሰሙት ይህንኑ ነው።

እነዚህ ልጆች በምን በኩል አልፈው እንደመጡም እናስታውስ። በ2017 የተፈተነ ልጅ በ2012 7ኛ ክፍል ነበር። መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከተማ ያለው ልጅ ቴሌቪዥንና ስልክ ነበረው፤ የገጠሩ ልጅ ከብት ጠበቀ። በቀጣዩ ጥቅምት፣ በ2013፣ እዚሁ ዞን ጉራፈርዳ ውስጥ ሰዎች ተገደሉ፣ ብዙዎችም ከቀያቸው ተፈናቀሉ። ያኔ የ12 እና የ13 ዓመት ልጅ የነበረው ነው ዛሬ ፈተና ወድቆ የምንቆጣው። በዚህ ላይ ቤቱ ሸኮኛ፣ ገበያው አማርኛ፣ ፈተናው እንግሊዝኛ ነው። ለመፈተን ደግሞ ብዙዎቹ ከቤታቸው ወጥተው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው አድረዋል። ለብዙዎቹ ከቤተሰብ ርቀው እንዲህ ባለ ግቢ ሲያድሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

ይህን ሁሉ ተሸክሞ ለመጣ ልጅ ያለን መልስ አንድ ቃል ነው፦ አይዞህ።

«አይዞህ» ግሩም ቃል ነው። ለቅሶ ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ መንገድ ላይ ለወደቀ ሰው የምንለው ነው። ግን ሁለት ዓይነት «አይዞህ» አለ። አንደኛው ጎንህ ቁጭ ካለ ሰው የሚመጣ ነው፤ ከእሱ በኋላ ወሬው ይቀጥላል። ሁለተኛው ቆሞ ትከሻህን መታ መታ አድርጎ ከሚሄድ ሰው የሚመጣ ነው፤ ከእሱ በኋላ ወሬው ያልቃል። «አይዞህ፣ ጸልይ»፣ «አይዞህ፣ እምነትህን አጠንክር»፣ «አይዞህ፣ ለበጎ ነው»። ልጁ ከዚያ በኋላ ምን ሊል ይችላል? ከተናገረ እምነት የጎደለው ሊባል ነው። ስለዚህ ዝም ይላል፤ እኛም ተጽናንቷል ብለን እንሄዳለን።

መጽሐፍ ቅዱስ ግን የሚያሳየን ሌላ መንገድ ነው። የነቢዩ ኤልያስን ታሪክ በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 እንደገና አንብቡት። በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ያወረደ ሰው ነው። ከዚያ ኤልዛቤል ዛተችበት፣ ሸሸ፣ ምድረ በዳ ገባ፣ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ለመነ። ያ ልጅ ጓሮ ተቀምጦ ያለኝን ነው ያለው። ታዲያ ሰማዩ ምን መለሰለት? «ነቢይ ሆነህ እንዴት እንዲህ ትላለህ?» አላለውም። እምነትህ ደከመ አላለውም። መልአክ መጥቶ ነካ አደረገው፣ ትኩስ ቂጣና ውሃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩም ተወው። ሁለተኛ ጊዜ መጥቶ አሁንም ብላ፣ መንገዱ ሩቅ ነው አለው።

ጥያቄው የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ከ40 ቀን መንገድ በኋላ፣ በኮሬብ ዋሻ ነው። ጥያቄውም ኤልያስ እዚያ ምን እንደሚያደርግ ነበር። ሁለት ጊዜ ተጠየቀ፣ ሁለት ጊዜ ያንኑ ብሶቱን ደገመ፣ ሁለቱንም ጊዜ ተሰማ። ቀጥሎ ሥራ ተሰጠው። ከሥራው ጋር ኤልሳዕ የሚባል ሰውም ተሰጠው።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉት። ምግብ፣ እንቅልፍ፣ ጊዜ፣ ጥያቄ፣ ጆሮ፣ ሥራ፣ ባልንጀራ። እኛ ከስብከት እንጀምርና እዚያው እንጨርሳለን።

እዚህ ላይ የሚነሳውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ በግሌም ሰምቼዋለሁ። «እኛ በኩራዝ ተምረን ነው እዚህ የደረስነው፤ ልጆቹን አታሞላቅቁ። ጭንቀት፣ ድብርት የምትሉት የፈረንጅ ወሬ ነው።» ኤልያስ ፈረንጅ አልነበረም። ሐናም አልነበረችም። በሴሎ በእግዚአብሔር ቤት ስታለቅስ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ የገሰጻት ሐና ማለቴ ነው። ዔሊ የሚመሰገነው ስታስረዳው ሰምቶ ቃሉን ስላስተካከለና ስለባረካት ነው። የዘመኑን ቁጥር ለሚፈልግም፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት፤ ከ15 እስከ 29 ባሉት ዘንድ ደግሞ ራስን ማጥፋት ከዋና ዋናዎቹ የሞት ምክንያቶች ሦስተኛው ነው። ማሞላቀቅ የሚባለውም ቢሆን ኤልያስን አይመለከትም። ቂጣውን ከበላ በኋላ የተሰጠው ከባድ ሥራ ነው። ሰው በልቶ ነው የሚሠራው።

ቤተ ክርስቲያንን ለመውቀስ ብቻ የምጽፍ እንዳይመስላችሁ። እኔ ያደግኩት በእሷ ነው፤ ሰው ፊት ቆሞ ማንበብ የተማርኩት እዚያ ነው። በዚህች አገር የክርስትና ታሪክ ውስጥ ወጣቶች ዳር ተቀምጠው አያውቁም። የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን በ1950ዎቹ መጨረሻ የተነሳችው ከተማሪዎች መካከል ነው። ማኅበረ ቅዱሳንን በ1984 ዓ.ም. የመሠረቱት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ቤተ ክርስቲያን በልጆች ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃለች። ጭንቄ ሌላ ነው፦ ከሚዛን እስከ ቴፒ ባሉት ቀበሌዎች የ16 እና የ17 ዓመት ልጆችን በየሳምንቱ በፈቃዳቸው የሚሰበስብ ሌላ ማን አለ? በየትምህርት ቤቱ የምክር አገልግሎት አለ ብንል ራሳችንን ማታለል ነው። ያለው ሰንበት ትምህርት ቤት፣ መዘምራን፣ የወጣቶች ኅብረት ነው። እዚያ ጆሮ ያጣ ልጅ የሚሄድበት ቦታ አለው። የውርርድ ቤቱ በሃምሳ ብር ተስፋ ይሸጥለታል። ጫት ቤቱ «ና ተጫወት» ይለዋል። ዲማ ወርቅ አለ፣ እንሂድ የሚለው ጓደኛም ቅርብ ነው። እነዚህ ሁሉ ስለ ውጤቱ አይጠይቁትም። ለዚህም ነው የሚያሸንፉን።

መንግሥትም ከዚህ አያመልጥም። ስርቆትን ለመከላከል ፈተናውን ማጥበቅ ትክክል ነው። ነገር ግን መምህር የሌለውን የፊዚክስ ክፍል፣ መጽሐፍ ያልደረሰውን ትምህርት ቤት ጸሎት አይሞላውም፤ ጸሎትን የዚያ መሸፈኛ ማድረግም ኃጢአት ነው። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ሲመሠረት እዚህ ያለው ሰው ተስፋ ያደረገው ሌላ ነገር አልነበረም፤ አገልግሎት ይቅረበን ነው ያለው። ሰባኪዎቻችን ለልጁ «በርታ» ሲሉ በዚያው ድምፅ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱም «መምህር የታለ?» ቢሉ ልጁ ጥፋቱ ሁሉ የእሱ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። ይህም ማጽናናት ነው።

ቤተ ክርስቲያን ነገ ጠዋት ልታደርጋቸው የምትችላቸው፣ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ። ውጤት ሲወጣ ያለፉትን ለይቶ መድረክ ማውጣት ይቅርና የተፈተኑት ሁሉ ይጠሩ፣ ለሁሉም ይጸለይ። መብራት ያለው አዳራሽ በሥራ ቀን ማታ ለጥናት ይከፈት። በየኅብረቱ ሁለት ሰዎች፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፣ የማዳመጥ ኃላፊነት ይሰጣቸው፤ የሰሙትንም የጸሎት ርዕስ አድርገው ለጉባኤ እንዳይበትኑት። «መኖር ሰለቸኝ» ያለ ልጅ ብቻውን አይደር፤ ቤተሰቡ ይወቅ፣ ሐኪም ቤትም አብሮት የሚሄድ ሰው ይኑር። ጸሎትም ጠበልም ከሐኪም ጋር ጠብ የላቸውም።

ይህን የምታነቡ ልጆች ካላችሁ ደግሞ ለእናንተ አንድ ነገር ልበል። የሸኮ ከብት የሚባለውን ዝርያ ታውቁታላችሁ። አነስ ያለ ነው፣ ሻኛው ትንሽ ነው፣ ቀንድ የሌለውም ይበዛል። ገበያ ላይ ከሌላው በሬ ጎን ቢቆም ዓይን አይሞላም። ግን ቆላው ላይ ገንዲ ሲገባ፣ ያ ትልቁ በሬ ሲወድቅ፣ የሸኮው ይቋቋማል። ተመራማሪዎች የሚያጠኑት በዚህ ምክንያት ነው። ገበያው የሚለካው ሻኛ ነው፤ ገንዲን የመቋቋሙን ኃይል የሚለካበት ሚዛን የለውም። ፈተናም እንዲሁ የሚለካው አንድ ነገር ነው። ያንን ነገር ናቁት አልላችሁም፤ እንደገና አጥኑ፣ እንደገና ተፈተኑ፣ ሙያም ተማሩ። የለካው ግን እናንተን በሙሉ አይደለም። እግዚአብሔር ደግሞ ፈታኝ መምህር አይደለም፤ 50 ከመቶ ላይ በሩን አይዘጋም። ከብዷችሁ ከሆነ ለአንድ ሰው ንገሩ። የመጀመሪያው ካልሰማችሁ ለሁለተኛው ንገሩ። መልአኩም ሁለት ጊዜ ነው የመጣው።

ያን ቀን ማታ ለልጁ ምን እንዳልኩት ትጠይቁኝ ይሆናል። «ተኝቼ ባልነሳ» ሲለኝ ራስህን ለመጉዳት አስበሃል ወይ ብዬ በግልጽ ጠየቅሁት። ደነገጠ፣ ከዚያ አለቀሰ፣ ከዚያ ብዙ አወራ። ስብከት አልሰበክሁም፤ የሚሰበክም አልነበረኝም። አከራዩዋ እትዬ ከቀኑ የተረፈ በቆሎ ቂጣና ቡና ይዘው መጡ፣ ሦስታችንም ቁጭ አልን። እሳቸው ስለ ውጤቱ አንድም አልጠየቁትም፤ «ብላ እንጂ ልጄ» ብቻ ነው ያሉት። ያን ሌሊት ከእኔ ጋር አደረ፤ በማግስቱ ወንድሙ መጥቶ ወሰደው።

በጥቅምት ደውሎልኛል፤ ቡና እየለቀሙ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በግል ሊፈተን አስቧል፤ ያልፍ እንደሆነ አላውቅም። ጥያቄውን ግን አልተወውም፦ «ጋሼ፣ ያን ጊዜ የጠየቅሁህን አሰብክበት?» አለኝ።

አስቤበታለሁ። ሰምቶሃል ብዬዋለሁ፤ ማስረጃዬም ቂጣውን ይዘው የመጡት እትዬ ናቸው።

ቸር እንሰንብት።