ትኬት የገዛ ሰው ምን ይጠይቃል?

ከሙዚቃ ትርዒት አዝነን ስንመለስ «ድምፅ ማጉያው ነው» ወይም «ዘፋኙ ደክሞት ነው» እየተባባልን ነገሩን እንተወዋለን። ይህ ቸርነታችን አልበዛም ወይ?

በአውሮፓ አቆጣጠር ዲሴምበር 22 ቀን 1808 ዓ.ም. ቤትሆቨን በቪየና ከተማ የራሱን ድርሰቶች ባሰማበት ምሽት ሕዝቡ በብርቱ ብርድ አራት ሰዓት ያህል ተቀምጦ ነበር። ዛሬ ዓለም የሚያውቃቸው አምስተኛውና ስድስተኛው ሲምፎኒ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት የተሰሙት ያን ዕለት ነው። ይሁን እንጂ ልምምዱ አልበቃም ነበርና፥ በመጨረሻው ድርሰት ላይ ተጫዋቾቹ እርስ በርሳቸው ተለያዩ፤ ቤትሆቨንም አስቁሞ እንደገና አስጀመራቸው።

ብርዱን ሲምፎኒዎቹ ይክሱታል እንበል። የልምምዱ ጉድለት ግን ጥፋት ነው፤ የቤትሆቨን ስም እንኳ አይሸፍነውም። ሆኖም ማስቆሙን እኛ እናከብርለታለን፤ የተበላሸውን ከሕዝብ አልደበቀምና። በዘመናችን ግን ሰዓቱን አሳልፎ የሚመጣ ዘፋኝ በተቀዳ ድምፅ ላይ ከንፈሩን ብቻ ሲያንቀሳቅስ እያየን እናጨበጭባለን። የተቀዳውማ በመኝታ ክፍላችንም አለ፤ ያውም ያለ ግፊያ! የምሳችንን ገንዘብ ቆጥበን ትኬት የገዛነው ሰው ሲዘፍን ለመስማት ነበር።

ስለዚህ ማኅበራችን ለሚቀጥለው ትርዒት ሙዚቀኞችን ሲዋዋል፥ ልምምዱ በዚያው አዳራሽ እንዲደረግ በውሉ ይጻፍልን። በተቀዳ ድምፅ የሚቀርብ ዘፈን ካለም ትኬቱ ከመሸጡ በፊት ይነገረን። ዘፋኙ ከቀረ ደግሞ ገንዘባችን በዚያው ምሽት፥ በዚያው በር ላይ ይመለስልን።