«ወላጅ አምጣ» አይበቃም

ተማሪ ሲያጠፋ በይርጋጨፌም ሆነ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የሚሰማው ትእዛዝ ያው ነው፤ «ወላጅ አምጣ!» አባት ወይም ታላቅ ወንድም ይመጣል። ዩኒት ሊደሩ ዘንድ ቆሞ በልጁ ፈንታ ይቅርታ ይጠይቃል። ልጁ ዳግመኛ እንደማያጠፋ ይፈርምና ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ጥፋቱ ድብደባ ከሆነ፣ የተደበደበው ልጅስ? እሱ እዚያ ቢሮ ውስጥ የለም። ምን እንደተሰማው፣ ምን ቢደረግለት ልቡ እንደሚያርፍ የጠየቀው የለም።

በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። መምህሩን «አለንጋውን አስቀምጥ» ያልነው ያኔ ነው። በምትኩ ምን ይዞ በተጨናነቀ ክፍል ፊት እንደሚቆም ግን በቅጡ አላስተማርነውም።

ስለዚህ ለመምህራንና ለተማሪ አማካሪዎች የሚሆን፣ ጥፋትን በዕርቅና በካሳ ስለማቃናት የሚያስተምር አጭር የድኅረ ምረቃ ፕሮግራም ያስፈልገናል እላለሁ። በዚህ አሠራር አጥፊው፣ ተጎጂውና የቅርብ ሰዎቻቸው ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ምን ሆነ? ማን ተጎዳ? ጉዳቱን ለመካስ ማን ምን ያድርግ? ተብሎ ሁሉም በየተራ ይናገራል። ሲሰሙት ቀላል ነው። የሚያለቅስ ልጅን ሳያቋርጡ ማዳመጥ፣ ተጎጂው ሳይወድ «ይቅር ብያለሁ» እንዲል አለመገፋፋት፣ የተደፈረች ተማሪ ጉዳይ ወደ ፖሊስ እንጂ ወደ ክቡ እንደማይመጣ መለየት ግን ሥልጠና የሚጠይቅ ሙያ ነው። ይህን ያልተማረ ሰው የያዘው ዕርቅ ተጎጂውን ሁለተኛ ይጎዳዋል።

አሜሪካ ውስጥ፣ በፔንሲልቬኒያ ቤተልሔም ከተማ፣ ለዚህ ሙያ ብቻ የቆመ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት አለ። ኒውዚላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣችው ሕግ ያጠፋ ልጅ ጉዳይ በቤተሰብ ጉባኤ እንዲታይ ስታደርግ ከማኦሪ ሕዝብ ልማድ ተምራ ነው። እኛ ከሶንጎ የማንማርበት ምክንያት አይታየኝም። ሶንጎ የጌዴኦ ሽማግሌዎች የሚመክሩበት፣ ጠብ የሚያበርዱበትና ካሳ የሚቆርጡበት ሸንጎ ነው። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ቡናንና እንሰትን ከትልልቅ ዛፎች ጋር ካዋደደው እርሻ ጋር፣ መሬቱንና ደኑን የጠበቀውን አገር በቀል ዕውቀትና ባሌ የሚባለውን የጌዴኦ ባህላዊ ሥርዓትም ቆጥሮ ነው።

ሶንጎውን እንዳለ ወደ ትምህርት ቤት ማምጣትን ግን አልደግፍም። ሶንጎ የትልልቅ ወንዶች መድረክ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ በተለይ ሴት ልጅ፣ እዚያ መሐል ደፍራ ትናገራለች ብሎ መጠበቅ ይከብዳል። ከሽማግሌዎቹ ትዕግሥቱንና እውነትን ፈልቅቆ የማውጣት ጥበቡን እንውሰድ፤ የመናገሩን ተራ ለልጆቹ እንስጥ።

ይህን የምለው 2010ን እያሰብኩ ነው። በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተፈናቀለ። በሚያዝያ የሸሸው ገበሬ ነገሩ በረደ ተብሎ ወደ ቀዬው ሲመለስ በሰኔ ግጭቱ አገረሸ። በይርጋጨፌና በገደብ መማሪያ ክፍሎች ማደሪያ ሆኑ። ጌዴኦና ጉጂ ደም ሲፋሰሱ የሚታረቁበት ጎንዶሮ የሚባል የጋራ ሥርዓት አላቸው፤ ትልልቆቹ በዚያ ይታረቁ። ያኔ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የሸሸው ልጅ ግን ዛሬ ዴስክ ላይ ተቀምጧል፤ ምን እንዳየ የጠየቀው የለም። ሳይታሰብ በእረፍት ሰዓት ጠብ ሲያነሣ «ባለጌ» ተብሎ ይንበረከካል።

ወደ ፕሮግራሙ ልመለስ። መምህራን በክረምት ዩኒቨርሲቲ ገብተው ዲግሪ መማራቸው ለአገራችን አዲስ አይደለም። ንድፈ ሐሳቡ በሁለት ክረምት ይሰጥ፤ በመካከል ያለው የትምህርት ዘመን በገዛ ትምህርት ቤታቸው የሚያካሂዱት ልምምድ ይሁን። ማሳጠር ያለብን የክፍል ሌክቸሩን ነው፤ ከልምምዱ አንዲት ሳምንት መቀነስ የለበትም። የመመረቂያ ሥራውም መምህሩ በዓመቱ የያዛቸው ጉዳዮች፣ የልጆቹ ስም ተሰውሮ፣ የሚመዘኑበት መዝገብ ይሁን። ከፈታኞቹም አንዱ የሶንጎ ሽማግሌ ይሁኑ፤ እንደማንኛውም ፈታኝ አበላቸው ይከፈላቸው።

በጌዴኦ የሚገኘው ዲላ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲጀመር የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ነበር፤ መምህር ማፍራት የቆየ ሥራው ነው። ይህን ፕሮግራም ግን ብቻውን ባይከፍተው እመርጣለሁ። በምዕራብ ጉጂ ቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች ግማሾቹ ከይርጋጨፌ፣ ከገደብና ከኮቸሬ፣ ግማሾቹ ከቀርጫና ከቡሌ ሆራ ይመልመሉ፤ አንዱን ክረምት ዲላ፣ ሌላውን ቡሌ ሆራ ይማሩ። ሠልጣኞቹ በአማርኛ ቢግባቡም፣ ወደየትምህርት ቤታቸው ሲመለሱ ክቡ በልጆቹ ቋንቋ፣ በጌዴኡፋና በአፋን ኦሮሞ ይካሄድ። የሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሴኔቶች ከመጪው ክረምት በፊት አንድ የጋራ ኮሚቴ ቢሰይሙ ሥራው ሊጀመር ይችላል።