የአንድ ሰዓት መጋረጃ

የመቀመጫ ምቾት የሚለካው በመንገዱ ርዝመት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ውቅያኖስ አቋርጦ ዋሽንግተን ለሚደርስ መንገደኛ እንደ አልጋ የሚዘረጋ ወንበር ትርጉም አለው፤ ወገቡን ያሳርፍለታል፣ እንቅልፍ ይሰጠዋል። ከቦሌ ተነሥቶ ባሕር ዳር ለሚወርድ ሰው ግን ምን ይጨምርለታል? በረራው አንድ ሰዓት ያህል ነው። ቀበቶ ታስሮ እስኪፈታ፣ መጠጥ ተቀድቶ እስኪጠጣ፣ ጣና ከመስኮቱ ሥር ብቅ ይላል። ሆኖም በዚህች አጭር መንገድም ላይ «ቢዝነስ ክላስ» የሚባል መቀመጫ አለ፤ ገዢም አያጣም። እኔን የሚያስደንቀኝ መሸጡ አይደለም። የሚያስደንቀኝ የተሸጠውን ነገር ሻጩም ገዢውም በስሙ አለመጥራታቸው ነው።

ውድ አንባቢያን፤ እስቲ ዕቃውን አንድ በአንድ እንቁጠረው። ለብቻ የሆነ ሰልፍ፣ ለብቻ የሆነ ማረፊያ ክፍል፣ ሰፋ ያለ ወንበር፣ ቀድሞ መስተናገድ፣ ቀድሞ መውረድ። ከእነዚህ መካከል ለአካል የሚደርሰው ወንበሩ ብቻ ነው። የቀሩት ሁሉ ያለ ሌላ ሰው አይገኙም። ቀድሞ ለመውረድ ወደ ኋላ የሚቀር ሰው ያስፈልጋል፤ ሰልፍ ለመዝለልም የሚሰለፍ ሰው መኖር አለበት። እንግዲህ በአንድ ሰዓት በረራ ላይ ዋናው ሸቀጥ ወንበሩ አይደለም፤ ከወንበሩ በስተኋላ የሚሳበው ጨርቅ ነው። አየር መንገዳችን ይህን ክፍል «ክላውድ ናይን» ብሎ ይጠራዋል፤ ወደ አማርኛ ብንመልሰው «ዘጠነኛው ደመና» መሆኑ ነው። ከፊት የተቀመጠውም ከኋላ የተቀመጠውም ግን የሚያልፉት በአንዱ ደመና ውስጥ ነው።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀንም የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። አውሮፕላኖቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ሲ-47ዎች ነበሩ። በውስጣቸው ከሸራ የተሠሩ ታጣፊ አግዳሚዎች በግራና በቀኝ ግድግዳው ሥር ተዘርግተው፣ ጭነቱ መካከል ላይ ይታሰር ነበር። ሥዕሉን በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት፤ ተሳፋሪዎቹ እንደ ለቅሶ ድንኳን ለቀስተኞች ግድግዳ ተደግፈው ፊት ለፊት ይተያያሉ። ያ ዘመን የእኩልነት ዘመን ነበር ማለቴ አይደለም። ያን ጊዜ አውሮፕላን ላይ መውጣት ራሱ የጥቂቶች ዕድል ነበር። ዕድሉ የደረሳቸው ግን ከወጡ በኋላ ፊትና ኋላ የሚባል ነገር አልነበራቸውም።

«መጋረጃው ከፈረንጅ የመጣ ልማድ ነው» የሚል ቢኖር ደግሞ እንጦጦን ቀና ብሎ ይመልከት። እኔ የምኖረው የካ ክፍለ ከተማ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በዚሁ የተራራ ሰንሰለት ግርጌ ነው። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ላይ ዘውድ ጫኑ። በቤተ መንግሥታቸው ግብር በሚገባበት ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በመጋረጃ ተከልለው ከመኳንንቱ ጋር ይመገቡ ነበር። ሥጋው በብልት በብልቱ ተለይቶ እንደየማዕረጉ ይደለደላል፤ ጠጁም ሁሉ አንድ ዓይነት አልነበረም። ስለዚህ ሰውን በመቀመጫ መለየት ማንም አላስተማረንም፤ አባቶቻችን ጠንቅቀው ያውቁበታል።

ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ። የግብሩ መጋረጃ የተሠራው ኋላ እንዲገለጥ ነው። ታላላቆቹ ከተመገቡ በኋላ ይገለጣል፣ በሩ ይከፈታል፣ ሠራዊቱ በየተራው እየገባ ጠግቦ ይወጣል። ንጉሡም የሚበላውን ሰው ያያሉ፤ የሚበላውም ንጉሡን ያያል። የአውሮፕላኑ መጋረጃ ግን ተቃራኒ ነው፤ ሁሉም ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ይዘጋል። ይህን ስል ያለፈውን ዘመን ለማስዋብ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። «ግብር» የሚለው ቃል ራሱ ድግስም ቀረጥም ማለት ነውና፣ በአዳራሹ የተበላው ከገበሬው ጎተራ የወጣ መሆኑን ቋንቋችን አልደበቀልንም።

እኔ በዚያ የፊት ወንበር የተቀመጥሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አጎቴ ባሕር ዳር አርፈው ለለቅሶ ስሄድ የኋላው ክፍል ሞልቶ ኖሮ፣ ሠራተኛዋ ያለ ጭማሪ ክፍያ ወደ ፊት አሳለፈችኝ። በመጠበቂያው አዳራሽ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር። እርሳቸውም ለቅሶ ሊደርሱ ነው፤ ወንድማቸው ሞተውባቸዋል። «እማማ፣ በአውሮፕላን ሲሄዱ የመጀመሪያዎ ነው?» አልኋቸው።

«አዎ ልጄ። አውሮፕላን አምሮኝ እንዳይመስልህ፤ መንገዱ እንቢ አለኝ እንጂ» አሉኝ። ለትኬቱ የዕቁብ ገንዘባቸውን አውጥተው ነበር።

ከዚያ እኔ ወደ ፊት፣ እርሳቸው ወደ ኋላ ሆንን። ወንበሩ ሰፊ ነበር፤ አልዋሽም። አስተናጋጇም ትሑት ነበረች። ነገር ግን ዓባይን ስናልፍ «እማማ፣ ያውልዎ ዓባይ» የምለው ሰው አጠገቤ አልነበረም። ያ ቀጭን ጨርቅ የለየኝ እንደኔው ለቅሶ ከሚሄድ ሰው ነው። ስንወርድም ሻንጣችንን የጠበቅነው አንድ ቦታ ቆመን ነው።

«መንገዱ እንቢ አለኝ» የሚለው የእማማ ቃል ግን ከወንበሩ ይልቅ ሲከነክነኝ ይኖራል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሱሉልታን፣ ፍቼን፣ የዓባይን በረሃ፣ ደጀንን፣ ደብረ ማርቆስን እያለ ይዘልቃል። በዚህ መንገድ አውቶቡስ ተሳፍሮ ለሰርግም ለለቅሶም መሄድ የማንም ሰው ነገር ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነቱ ከተቀጣጠለ ወዲህ ግን መንገዱ በተደጋጋሚ ተዘግቷል፤ ሲከፈትም ተጓዡ ልቡ ተሰቅሎ የሚሄድበት ሆኗል። በሰኔ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች የተሳፈሩባቸው አውቶቡሶች ገርበ ጉራቻ አካባቢ እንዲቆሙ ተደርገው፣ ከመቶ በላይ ሰዎች ታግተው መወሰዳቸውን የማያስታውስ አለ? ከዚያ ቀን በኋላ ልጁን በዚያ መንገድ የሚሰድ አባት ሌሊቱን እንዴት ያነጋል?

እንግዲህ ትልቁ መጋረጃ አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው አይደለም። ትልቁ መጋረጃ የአየር ማረፊያው በር ነው። ከበሩ ወዲህ ያለነው፣ ፊት ተቀመጥን ኋላ፣ ሁላችንም ልዩ መደብ ሆነናል፤ በሰላም ለመድረስ የሚበቃ ገንዘብ ያገኘን መደብ። ከበሩ ወዲያ ያለው ወገን ወይ ሕይወቱን አስይዞ በመኪና ይሄዳል፣ ወይ ወንድሙን ሳይቀብር ይቀራል። የኋላው ወንበር ድሮ የቅንጦት ነበር፤ ዛሬ ለብዙዎች ያለ ስጋት የመድረሻው መንገድ እርሱ ብቻ ሆኗል። ሰው ለቅሶ ለመድረስ ዕቁቡን በሚያፈስስበት አገር «ፊት ነው ኋላ?» የሚለው ክርክር ቀልድ ይመስለኛል።

መልስ የሚሰጠኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። «የፊት ወንበር የሚከፍለው ገንዘብ እኮ የኋላውን ይደግፋል፤ ነጋዴውም ባለ ሥልጣኑም በራሱ ገንዘብ ቢመቸው ምን አገባህ?» ይለኛል። ክርክሩ ባዶ አይደለም። እኔም የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ብዙ ገንዘብ የሚያስቀምጥ ደንበኛ ለብቻው ክፍል ሲሰጠው፣ ጡረተኛው ደግሞ በመስኮቴ ፊት ሲሰለፍ በየቀኑ አያለሁ። ንግድ ያለ ልዩነት እንደማይኖር ሒሳቡ ይገባኛል። ነገር ግን ባንክ ቤትም ቢሆን አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ ነፍሰ ጡር ወይም ምርኩዝ የያዘ አዛውንት ከገባ ሰልፈኛው ራሱ «ይለፉ» ይላል። ማንም ደንብ አላወጣለትም፤ ማንም አይከፍልበትም።

የእኔም ሐሳብ ከዚህ የራቀ አይደለም። ባዶውን የፊት ወንበር ለታመመ፣ ላረጀ፣ ሕፃን ለታቀፈች እናት መስጠት ለአንድ ሰዓት በረራ ምን ያከስራል? ገዝቶ የሚቀመጠው ይቀመጥ። ያልተሸጠው ግን የመጋረጃውን ክብር ለመጠበቅ ብቻ ባዶውን አይብረር። ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ ደግሞ በአየር መንገድ የሚፈታ አይደለም። የአንድ አገር መንገደኛ ክብር የሚለካው በአውሮፕላኑ የፊት ወንበር ስፋት ሳይሆን፣ የአውቶቡሱ የመጨረሻ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ተኝቶ መሄድ በመቻሉ ነው። መሣሪያ የያዙ ወገኖች ሁሉ፣ መንግሥትም ሆነ ታጣቂ፣ ስለ ድልና ስለ ሽንፈት ከመናገራቸው በፊት ስለዚያ ወንበር ይጠየቁ ዘንድ እወድዳለሁ።

እኛ ብዕር ይዘናል የምንልም የቤት ሥራ አለብን። ከፍታን መግጠም እንወድዳለን፤ ክንፍ፣ ደመና፣ ንሥር እያልን ወረቀት እንጨርሳለን። ከየካ ተራሮች ላይ ቆሞ ወደ ታች ላየ ሰው ቦሌ ከሩቅ ይታያል፤ አውሮፕላኑ ተነሥቶ ባሕር ዛፉ የለበሰውን የእንጦጦን ጀርባ በደቂቃዎች አልፎ ወደ ሰሜን ይጠፋል። በዚያው ተራራ ቁልቁለት ላይ የጭራሮ ሸክም አጉብጧቸው የሚወርዱ እናቶች አሉ። ሁለቱም ተራራውን ያልፋሉ፤ አንዱ በላዩ፣ አንዱ በእግሩ። ስለ ሸክሟ ክብደት የጻፍነው ስለ ክንፉ ከጻፍነው ጋር ሲመዘን እጅግ ያንሳል። ሚዛኑን ማስተካከል የእኛ የጸሓፊዎቹ ድርሻ ነው፤ ለዚህ ደግሞ የማንም ፈቃድ አያስፈልገንም።