የታክሲው መስኮት

ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የዘነበው የሐምሌ ዝናብ ገና አላባራም፤ መስኮቶቹ በሙሉ ግጥም ተደርገው ተዘግተዋል። ሾላን ሳናልፍ መስታወቱን ጉም ሸፈነውና ውጪው ጠፋ። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ይስላል። አንዴ ከተነሳ ቶሎ የማይለቅ፣ ከደረት ሥር የሚመጣ ሳል ነው። አጠገቤ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ነጠላ የተከናነቡ እናት ተቀምጠዋል። እጄን አሳልፌ መስታወቱን ጠረግ ሳደርገው መዳፌ ረጠበ። ዝናቡ በውጪ በኩል ነው። ከውስጥ መዳፌን ያረጠበው የእኔ፣ የእናትየዋ፣ የረዳቱ፣ ከኋላ የሚያስለው ሰውዬ፣ የሁላችንም ትንፋሽ ነው።

«እማማ፣ ትንሽ ልክፈተው?» አልኳቸው።

«ኧረ ልጄ፣ ብርዱ ይገለኛል!»

ከፊታችን ያለው ጎልማሳም ዞር ብሎ «ዝናብ ያስገባል እኮ» አለ። ዝም አልኩ።

ዝም ብዬ ግን መጋቢት 2012ን አስታወስኩ። በወሩ 4ኛ ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ ተገኘ ተባለ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በ30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። ታክሲ በግማሽ ይጭን፣ ሒሳቡም እጥፍ ይከፈል ጀመር። ስልክ ስንደውል ጥሪው ሳይጠራ ስለ ኮሮና የሚመክር ድምፅ ይቀድመን ነበር። በየሱቁና በየባንኩ ደጃፍ ቧንቧ የተገጠመለት ባልዲ ከነሳሙናው ተቀመጠ። በዚያ ሰሞን ነው በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የአዲስ አበባ ታክሲ፣ ማንም ሳይቆጣ፣ መስኮቶቹን ከፍቶ ሲሄድ ያየሁት።

ያ ዘመን እንዲመለስ አልመኝም። ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ወራት ቤቱ ዋለ። የቀን ሠራተኛው «ቤት ቆዩ» ሲባል ቆይቶ የሚበላው አልነበረውም። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ በተከለከለበት ወቅት የጎረቤታችን አባት አርፈው ዕድሩ ድንኳን ሳይጥል፣ ሰፈሩ በወጉ ሳይላቀስ ተቀበሩ። ልጃቸው ዛሬም ድረስ «አባቴን በወጉ አልሸኘሁትም» ይላል። ገደቡ ሲላላ የተነፈሰው እፎይታ ይገባኛል፤ እኔም አብሬ ተንፍሼአለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ቴድሮስ አድሃኖም ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ኮሮና ዓለም አቀፍ የጤና ድንገተኛ አደጋ መሆኑ ማብቃቱን አወጁ። በዚያው መግለጫቸው ግን በሽታው የዓለም ስጋት መሆኑ አልቀረም ብለዋል። እስከዚያ ቀን ለድርጅቱ የተነገረው ሞት ወደ 7 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር፤ እሳቸው ግን እውነተኛው ቁጥር ቢያንስ 20 ሚሊዮን እንደሚሆን ተናገሩ። በእኛ አገር የተመዘገበው ሞት ከ7 ሺህ 500 ይበልጣል። ሳይመረመር ቤቱ ያረፈው በዚህ ውስጥ የለም። እኛ ከመግለጫው የሰማነው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ጥንቃቄውን መተዋችን ሳይሆን የተውንበት ቅደም ተከተል ነው። ባልዲው ውኃ ካለቀበት በኋላ እንኳ ለወራት ደጃፍ ላይ ቆሞ ከረመ። መስኮቱ ግን ገና ክረምቱ ሳይጠባ ተዘጋ። አምስት ሳንቲም የማያስወጣ፣ ትምህርት የማያስቀር፣ ሥራ የማያስፈታ፣ ለቅሶ የማይከለክል ጥንቃቄ ቀድሞ ተጣለ። ለምን ብዬ ሳስብ ጥፋቱ የሰዉ ብቻ አይመስለኝም። በመጀመሪያዎቹ ወራት የተነገረን በአብዛኛው ስለ እጅ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ መጋቢት 19 ቀን 2012 ኮሮና በአየር የሚተላለፍ በሽታ አይደለም ብሎ በማኅበራዊ ገጹ ጽፎ ነበር። ቫይረሱ በተዘጋ ክፍል አየር ላይ ተንሳፍፎ ሰው ሊይዝ እንደሚችል በግልጽ መጻፍ የጀመረው ከዓመት በኋላ፣ በ2013 ነው። ያኔ የእኛ ጆሮ ደክሞ ነበር። የእጁ ምክር በስልክ፣ በራዲዮ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ሰፈር ድረስ ገባ፤ የአየሩ ምክር መንገድ ላይ ቀረ። ስለዚህ እማማ ብርዱን ያውቁታል፤ ቁርጥማታቸው ያስተምራቸዋል። ትንፋሹን በደንብ ያስረዳቸው ሰው ግን የለም።

ነገሩ የኮሮናም ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ጫና ከበዛባቸው 30 የዓለም አገሮች አንዷ ናት። ቲቢም የሚተላለፈው በዚሁ መንገድ፣ ታማሚው ሲያስል በሚወጣውና አየር ላይ በሚንሳፈፈው ረቂቅ ጠብታ ነው። የቲቢ ክትትል ያለበት ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው መስኮቱ ለምን ሁልጊዜ ወለል ብሎ እንደሚከፈት፣ የሚያስል ሰው ለምን ውጪ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ተራውን እንደሚጠብቅ ያውቃል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ካለ ተመርመሩ የሚለውን ማስታወቂያም ሁላችንም እናውቀዋለን። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ የምናከብረውን ጥበብ በር ላይ ታክሲ ስንሳፈር እንረሳዋለን።

እናቴ የስኳር ሕመም አለባት። የኮሮናን ክትባት ሁለቱንም ዙር ተከትባለች፤ ሰው በሚበዛበት ቦታ ግን ዛሬም ማስክ ታደርጋለች። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ «እስካሁን ኮሮና አለ እንዴ?» የሚላት አታጣም። ፈገግ ትልና ታልፋለች። ቤት ስትመለስ ግን ማስኩን አጣጥፋ ሶፋው ክንድ ላይ እያስቀመጠች «ሰው ፈርታለች ይለኛል» ትላለች። አምና ለፋሲካ አንድ ዘመዳችን እየሳለ መጥቶ ጉንጯን አገላብጦ ሳማት። እኔ ቡና አቀርብ ነበር፤ አይቼ ዝም አልኩ። ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ ዐሥር ቀን ተኛች፤ ስኳሯ አልወርድ ብሎ ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት ተመላለስን። ለምን ሸሸት አላልሽም ብላት «የመጣን እንግዳ ፊት ልንሳ?» አለችኝ። ዘመዳችንም ክፉ ሰው አይደለም። ቢቀር «በበዓል እንኳ አልመጣም» እባላለሁ ብሎ ነው።

ያኔ ነው ይህ ነገር በአዋጅ እንደማይፈታ የገባኝ። አዋጅ የታክሲ መስኮት ሊያስከፍት ይችላል፤ «ጉንፋን ይዞኛል፣ ሲሻለኝ እመጣለሁ» የሚለውን ቃል ከአክብሮት ሊያስቆጥር አይችልም። ያን ማድረግ ያለብን እኛ ነን። እንዲህ ብሎ የደወለን ሰው እናመስግነው፤ ቀረህብን አንበለው። ማስክ ያደረገችን ሴት ምን ነካሽ ብለን አንጠይቃት፤ ቤቷ ማን እንዳለ አናውቅም። የኩላሊት እጥበት የሚያደርግ ባል፣ የካንሰር መድኃኒት የጀመረች እህት ይኖራት ይሆናል። ለእነዚህ ሰዎች ወረርሽኙ የሚያበቃበት ቀን አልተቆረጠም።

ከኋላ የሚያስለውንም ሰው አልፈርድበትም። ካልሠራ የዕለቱን የማያገኝ ሰው እየሳለም ቢሆን ይሳፈራል፤ ቤትህ ዋል ብለው ማን ያበላዋል? እሱ መቅረት ካልቻለ ለመስኮቱ ማሰብ የሌሎቻችን ድርሻ ነው።

እንግሊዝ ኤምባሲ ጋ ስንደርስ የአምናው ፋሲካ ድቅን አለብኝና እንደገና ዞር አልኩ። «እማማ፣ ወዲህ ይምጡ፣ እኔ በመስኮቱ በኩል ልሁን። ብርዱም ዝናቡም እኔን ይምታኝ፤ እናቴ ሕመምተኛ ናት፣ ሳል ይዤባት እንዳልገባ ብዬ ነው።» ትንሽ አዩኝ። «አፈር ስሆን፣ ምነው ቀድመህ አትነግረኝም?» ብለው ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱና ተቀያየርን። ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል ከፈትኩት። ቀዝቃዛው አየር ፊቴን መታው። ጎልማሳው የኮቱን ኮሌታ አቆመ፤ አልተናገረም። እማማ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳብ አደረጉት።

ጉሙ ከከፈትኩበት ጥግ ጀምሮ ቀስ እያለ ለቀቀ። መጀመሪያ የአጥር ቆርቆሮ፣ ቀጥሎ ጃንጥላ የያዙ ተማሪዎች ታዩ። እማማ በትከሻዬ በኩል አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ውጪውን አዩና ደንገጥ አሉ።

«ቀበና ነው እንዴ? ወራጅ አለ!»