የመምህሩ መታሰቢያ ምን ይሁን?

ለሞተ ሰው መታሰቢያ ማቆም በየትኛውም ኅብረተሰብ ዘንድ የተለመደ ነው። አከራካሪ የሚሆነው መታሰቢያው ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ ነው። ለባለጸጋ የሚስማማው መታሰቢያ ለመምህር ላይስማማ ይችላል፤ መምህር ሀብቱን የሚያኖረው በሌላ ሰው አእምሮ ውስጥ ነውና። ይህን እንዳስብ ያደረገኝ በ2016 ዓ.ም. ያረፉት የሰፈራችን መምህር ጉዳይ ነው።

እኒህ ሰው በደብረ ብርሃን መምህራን ማሠልጠኛ ሠልጥነው፣ በልዩ ልዩ ገጠሮችና ከተሞች ለ39 ዓመታት አስተምረዋል። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የብሔራዊ መሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ገና ወጣት መምህር ነበሩ። ዘመቻው ከጊዜ በኋላ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ለኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል። መምህራችን ግን ስለዚያ ዘመን ሲጠየቁ የሚያወሱት ሽልማቱን ሳይሆን፣ ቀን ሲያርሱ ውለው ማታ በፋኖስ ብርሃን ፊደል ይቆጥሩ የነበሩትን ገበሬዎች ነበር። ከእነዚያ ተማሪዎች ብዙዎቹ የሚያነቡት በማጣትና ትምህርቱ በመቋረጡ ፊደሉን መልሰው መርሳታቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ያሳዝናቸው ነበር።

60 ዓመት ሞልቷቸው ጡረታ እንደወጡ፣ የእድሩን አዳራሽ ለማክሰኞና ለሐሙስ ምሽት እንዲፈቀድላቸው ጠየቁ። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ለአሥር ዓመታት ያህል ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችንና አባቶችን ያለ አንዳች ክፍያ አስተማሩ። ጠመኔውን የሚገዙት ከጡረታ አበላቸው ነበር። ቅዳሜ ጧት ደግሞ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጁ ልጆችን ያስጠኑ ነበር። ማመልከቻ የሚጻፍለት ያጣ ሰው ቢመጣ፣ ጽፈው ከመስጠት ይልቅ አጠገባቸው አስቀምጠው እንዲጽፍ ያግዙት ነበር።

ከቀብሩ በኋላ እድርተኛው ተሰብስቦ፣ በመቃብራቸው ላይ የእምነ በረድ ሐውልት እንዲቆም ወሰነ። ለዚሁ ሥራ ገንዘብ የሚዋጣበት መዝገብም ዞረ። በመዝገቡ ላይ፣ ቀድሞ በአውራ ጣታቸው ይፈርሙ የነበሩ እናቶች ስማቸውን በገዛ እጃቸው ጽፈው አየሁ። የአንዳንዱ ፊደል እግር ቢንጋደድም ስሙ ይነበባል። በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ማታ ግን ከእነዚሁ እናቶች ሦስቱ ደብተራቸውን ይዘው መጥተው፣ አዳራሹ ተቆልፎ ስላገኙት ተመለሱ። ሐሙስም እንዲሁ ሆነ።

ሐውልት ማቆም ክፉ ነገር ነው ለማለት አልደፍርም። የሐውልቱ ደጋፊዎች፣ ውለታ የሚረሳ ሕዝብ ሌላ ባለውለታ አያፈራም ይላሉ፤ አባባላቸውም እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ ሐውልቱ ቆሞ ትምህርቱ ከተቋረጠ፣ መምህራችንን ያሳዘናቸውን ያንኑ የመርሳት ጥፋት በእጃችን ደገምነው ማለት ነው። በአንድ በኩል ስማቸውን በድንጋይ ላይ እያስቀረጽን፣ በሌላ በኩል እሳቸው ያስጻፉትን ስም እናስጠፋለን።

«እሳቸውን የሚተካ ሰው ከየት ይገኛል?» የሚል መከራከሪያም ይቀርባል። እርግጥ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ያን ሁሉ ሸክም ይሸከማል ብሎ መጠበቅ አይገባም። ያለ ደመወዝ የሚሠራን ሰው እስኪደክም ድረስ መጫንም አገልግሎቱን ማክበር አይደለም። ነገር ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው እንደሚባለው፣ ሥራው ቢከፋፈል አይከብድም። በሰፈራችን በጡረታ ላይ ያሉ ነርስ፣ የሒሳብ ሠራተኛና ሌሎች መምህራን ይገኛሉ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በመከታተል ላይ ያሉ ወጣቶችም አሉ። ከእነዚህ መካከል እያንዳንዱ በወር አንድ ምሽት ብቻ ቢሰጥ፣ የአዳራሹ በር ማክሰኞም ሐሙስም ክፍት ይሆናል። እድሩም የጠመኔውንና የመብራቱን ወጪ ቢችል፣ የአገልጋዮቹ ሸክም ከጊዜያቸው አያልፍም።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ከተዋጣው ገንዘብ ለመቃብሩ ስማቸው የተጻፈበት አነስተኛ ድንጋይ ይበቃል። የቀረው ለጥቁር ሰሌዳ፣ ለደብተርና ለማንበቢያ መጻሕፍት ይዋል። ጡረታ ከመሥሪያ ቤት የሚያሰናብት እንጂ ከወገን የሚለይ አለመሆኑን መምህራችን በኑሯቸው አሳይተውናል። የእኛ ፈንታ የአዳራሹን ቁልፍ ተረክቦ በሩን መክፈት ነው። በመጪው ማክሰኞ ደብተራቸውን ይዘው የሚመጡት እናቶች ዳግመኛ ከተቆለፈ በር መመለስ የለባቸውም።